ያወጣው ሰው ራሱ ይመልሰው

ጭላሎ በር ፖሊስ ጣቢያ፣ አሰላ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዙቤዳ ሁሴኖ ቱሳ
ዕድሜ፦ 43
አድራሻ፦ አሰላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ሥራ፦ የጭላሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ክፍል፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዘሪሁን ዲሪባ
ተጠርጣሪ፦ ወ/ሮ ሸዋዬ አሳምነው
የተጠረጠሩበት ጉዳይ፦ የመንግሥት ንብረት መሰወር
ኤግዚቢት፦ አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አሮጌ የላቦራቶሪ ሰዓት፣ ከተጠቀለለበት ጋቢ ጋር

እኔ ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ቃሌን በኦሮምኛም በአማርኛም መስጠት እንደምችል ተነግሮኝ አማርኛውን መርጫለሁ። የመረጥኩትም ቃሉ ተጽፎ ሲያልቅ ለተጠርጣሪዋ ለወ/ሮ ሸዋዬ እንዲነበብላቸው ስለምፈልግ ነው። ወ/ሮ ሸዋዬ ባለቤታቸው ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ሲመጡ አብረው መጥተው አሰላ ላይ ያረጁ ሰው ቢሆኑም ኦሮምኛቸው ከገበያ አያልፍም። ገበያ ላይ ግን የሚረታቸው የለም።

ተጠርጣሪዋን በምን እንደማውቃቸው ተጠይቄ፣ ባለፈው ሰኔ ያረፉት የመምህር ገብረ መድህን ባለቤት ናቸው ብያለሁ። መምህሩ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበሩ። እኔ የምሠራበት ግምጃ ቤት ከላቦራቶሪው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። በሰፈርም ጎረቤታሞች ነን፤ በእነሱ ጾም የእሳቸውን ሽሮ፣ በእኛ ረመዳን የእኔን ሾርባ ስንቀባበል ኖረናል። ይህ ለጉዳዩ የማይጠቅም ከሆነ ይሰረዝ ብዬ ነበር፤ ሳጅኑ ይቆይ ብለዋል።

ስለ ኤግዚቢቱ ተጠይቄ፦ ዕቃውን አውቀዋለሁ። የነሐስ ጠርዝ ያለው፣ በእንጨት ሣጥን የተቀመጠ፣ ፊቱ ትልቅ ሳህን የሚያህል ሰዓት ነው። ዕድሜው ከዩኒቨርሲቲው ይበልጣል፤ እኛ ገና ሳንታሰብ እሱ ሥራ ላይ ነበር። ሰዓት ይባል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው አንድ ነገር ከተጀመረ እስኪያልቅ ምን ያህል እንደቆየ ብቻ ነው። መምህሩ ተማሪዎችን ሲያስተምሩ አንዲት የብረት ኳስ ከላይ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዛ ትንጠለጠላለች። ስትለቀቅ መርፌው ይነሣል፤ ታች ያለውን ሳህን ስትመታ ይቆማል። መምህሩ ሁልጊዜ ኳሷ ሳህኑን ስትመታ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደረሰች» ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር። እኔም በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ስቄያለሁ።

ሰዓቱ ከግቢ እንዴት እንደወጣ ተጠይቄ፦ ባለፈው ግንቦት መርፌው መንቀርፈፍ ጀመረ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶ/ር ኖህ ዘመኑ የኮምፒውተር ስለሆነ አሮጌው ሰዓት ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቅረብ አሉ። መምህሩ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ልጠግነው ብለው የመውጫ ወረቀት አስፈርመው ሰዓቱን ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ኮሚቴው እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም፤ ስለዚህ መቸኮላቸው አያስፈልግም ነበር። በዚያ ወረቀት ግርጌ፣ እንደማንኛውም የመውጫ ወረቀታችን፣ «ዕቃውን ያወጣው ሰው ራሱ ይመልሳል» የሚል ተጽፏል። ይህ ዓረፍተ ነገር የገባው አንድ ጊዜ ደህና ወንበር ያወጣ ሠራተኛ፣ ሌላ እግሩ የተሰበረ ወንበር በሰው ልኮ «ይኸው መለስኩ» በማለቱ ነው። ወንበር የወሰደው ሰውዬ ዛሬ ሹም ሆኗል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ለእኛ ቀረ።

መምህሩ ሰዓቱን ጠግነው ጨረሱ። ሰኞ እመልሰዋለሁ ብለውኝ ነበር። እሑድ ልባቸው ቆመ።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። በእኛ ዘንድ ጀናዛው ከመነሣቱ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቆሞ፣ ሟች ላይ ዕዳም አማናም ያለው ካለ ወደ እኔ ይምጣ ይላል። አማና ማለት የሰው አደራ ነው። አባቴ ሁሴኖ የሞተ ዕለት አጎቴ እንዲህ ብሎ ሲቆም አንድ የጎበሳ ሰው አካፋዬ እሱ ጋ ነው አለ። አጎቴም «በእኔ ላይ ይሁን» አለ፤ ሰውዬው አካፋውን በሦስተኛው ቀን ወሰደ። አባቴም ከዚያ በኋላ በሕልም እንኳ መጥቶ አስቸግሮን አያውቅም። በእነ ወ/ሮ ሸዋዬ ዘንድ ደግሞ ፍትሐት አለ። ሁሉም በየሃይማኖቱ ሙቱን የሚሸኝበት አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ፍትሐትም ጀናዛም የለውም። ያለው ክሊራንስ ነው።

ወ/ሮ ሸዋዬ የባለቤታቸውን ጡረታ ሊያስጨርሱ ሲመጡ፣ በሟች ስም የተመዘገበ ሰዓት ስላለ ክሊራንሱ አይፈረምም ተባሉ። ላምጣው አሉ። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ጌትነት ደግሞ ዕቃ ገቢ የሚሆነው የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ሲቆረጥ ነው፣ ሞዴል 19 ላይ አስረካቢው መፈረም አለበት፣ አስረካቢው ያወጣው ሰው ነው አሉ። ሰውየው ሞተዋል ብንላቸው፣ መሞታቸውን በግል እንደሚያውቁና ለቅሶም እንደደረሱ፣ ነገር ግን መመሪያው እንደማያውቅ ገለጹልን። ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ተመራ። የመጣው መልስ «መመሪያው ሞትን በሚመለከት የሚለው ስለሌለ በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» የሚል ነበር።

እንግዲህ ሟች ራሳቸው መምጣት ነበረባቸው። መጡም።

ይህን ያልኩበትን ምክንያት እንዳብራራ ተጠይቄ፦ ከመስከረም ጀምሮ ግቢው ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ከተቆለፈው ላቦራቶሪ የብረት ኳስ ሳህን ሲመታ ይሰማል። በቀን ነው፤ ተማሪ ኮሪደሩን ሞልቶት ሳለ ነው። አንድ ጊዜ ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ይደግማል። ዶ/ር ኖህ አይጥ ነው አሉ። አይጡ የብረት ኳስ ተሸክሞ ከላይ ይለቃል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ጥናት ያስፈልገዋል አሉኝ። ላቦራቶሪውን ከፍተው ግን አላጠኑም። ኳሷ ደግሞ መምህሩ ካረፉ ጀምሮ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባት ነበር። አንድ ቀን ድምፁ እንደተሰማ መሳቢያውን ከፈትኩ። ኳሷ ቦታዋ ላይ ነበረች። የጭላሎ ነፋስ በመስኮቱ እየገባ ጣቴን ያደነዝዘው ነበር፤ እሷ ግን ሰው በመዳፉ ጨብጧት ቆይቶ አሁን እንዳስቀመጣት ሞቃ ነበር። መልሼ ቆለፍኩባት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም በንብረት ክፍል ስለ ዕቃ ሙቀት ሪፖርት የሚደረግበት መንገድ የለም።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአንዱ ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሳለ ወ/ሮ ሸዋዬ ከቤታቸው ደወሉልኝ። «ዙቢ፣ ሰዓቱ ተነሣ» አሉኝ። የቱ ሰዓት ብላቸው የገብሬ አሉ። መብራት ሲኖር እንደማይንቀሳቀስ፣ ሲጠፋ ግን መርፌው ራሱ እንደሚነሣ ነገሩኝ። እኔም በግቢያችን መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ዕቃ ኖሮን ስለማያውቅ አላመንኳቸውም። ሶኬቱን ይንቀሉት አልኳቸው። ገመዱ በእጃቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ይህን እያሉኝ በግድግዳው ማዶ ኳሷ ሳህኑን መታች። በዚያው ቅጽበት እሳቸው በስልኩ «ቆመ» አሉ።

ስልኩን አልዘጋንም። ከዚያ «ተነሣ» አሉ። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። መታች። «ቆመ» አሉ። ላቦራቶሪው ከተማው ላይኛው ጫፍ ነው፤ ቤታቸው ገበያው ጋ ነው። ኳሷ እዚህ ስትወድቅ ሰዓቱ እዚያ ይለካታል። ብዙ ጊዜ ሰማን። በመጨረሻ ወ/ሮ ሸዋዬ እንዲህ አሉኝ፦ «ሊመልሰው ፈልጎ ነው፣ ልጄ። ይሄ ሰው በሕይወቱ የመንግሥት እርሳስ እንኳ ቤቱ አምሽታ አታውቅም። አላስተኛነውም። እኔ ልወስድለት።»

ለአንድ አፍታም ቢሆን ሰዓቱን ሊሸጡ ወይም ሊደብቁ አስበው ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አልነበረም ብያለሁ። ፈላጊም የለውም። ማን ይገዛዋል? አቦምሳ ወስደው ለፍየል ነጋዴ ያሳዩት?

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ረፋድ ላይ ወ/ሮ ሸዋዬ ሰዓቱን በባለቤታቸው ጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ ወደ ታችኛው በር መጡ። ቀድመው ደውለውልኝ ስለነበር ወርጄ በሩ ላይ ጠብቄያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በዓይኔ ያየሁት ነው። ወደ ኢተያ የሚወርድ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መንገዱን ስለዘጋው ባጃጆች ተሰልፈው፣ ተሳፋሪውም ሌላ የሚያየው ስላልነበረው እኛን ያይ ነበር። በበሩ ላይ ተረኛ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ቦንሳ ናቸው። ጋቢውን ገልጠው ሰዓቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡና ወዲያው አወቁት። የወጣ ዕቃ የማይረሱ ጠንቃቃ ሰው መሆናቸውን ሳልመሰክር አላልፍም።

«ይሄ በመምህር ስም ነው የወጣው። ያወጣው ሰው ራሱ ይመልሰው» አሉ።

እኔም «ቦንሳ፣ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ አንተ አይደለህ?» አልኳቸው።

«ተሸክሜያለሁ። እሱ በግሌ ነው። አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አሉ።

ወ/ሮ ሸዋዬ አልተከራከሩም። እሺ ወንድሜ፣ እንግዲያው ወደ ቤቴ ልውሰደው ብለው ጋቢውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። አቶ ቦንሳም የግቢ ንብረት ያለ መውጫ ወረቀት ከበር እንደማይወጣ ገለጹላቸው። አልገባም እኮ ቢሏቸው፣ ሰዓቱ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተቀመጠ፣ ጠረጴዛው ደግሞ የግቢው እንደሆነ አስረዱ። ከተሰለፉት ባጃጆች ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። በዚህ ሁኔታ ሰዓቱ እንዳይገባ በአንድ መመሪያ፣ እንዳይወጣ በሌላ መመሪያ ተይዞ በሩ ላይ ቀረ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። የአቶ ቦንሳ ሬዲዮ ዜና መሃል ላይ ዝም አለ። ሰዓቱ ተነሣ። ገመዱ በሣጥኑ ላይ ተጠምጥሞ እንደነበረ ነው። መርፌው ሲዞር አየነው፤ ይቆማል ብለን ጠበቅን፤ አልቆመም። ኳሷ የሆነ ቦታ ተለቃ ገና ታች ያልደረሰች ይመስል መዞሩን ቀጠለ። ወ/ሮ ሸዋዬ እጃቸውን በሣጥኑ ላይ አድርገው ቀስ ብለው «አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ» ሲሉት ሰምቻለሁ። መብራቱ ተመልሶ ሬዲዮው ሲናገርም መርፌው መዞሩን አልተወም። እንደዚያ ሆኖ አያውቅም ነበር።

አቶ ቦንሳ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ስልክ አውጥተውም ፖሊስ ጠሩ። ሌባ ይዣለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። ፖሊስ እስኪመጣ ለብቻ ስቤ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ ሌባ እንዳልሆኑ እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን ሰዓቱን ብቻ ውሰዱልኝ ቢሉ ፖሊስ ለዕቃ ብሎ መኪና እንደማይልክ ነገሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከኋላዬ ቆመው ‘ቦንሳ፣ ልግባ?’ ይሉኛል። ታውቂያለሽ፣ መምህር ሳያስፈቅዱ ገብተው አያውቁም። ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

ግቡ በላቸው አልኩ። ወረቀት የላቸውም አሉ።

ፖሊስ መጥቶ ሰዓቱንና ወ/ሮ ሸዋዬን በአንድ መኪና ወሰደ። ከማክሰኞ ጀምሮ እሳቸው እዚህ ጣቢያ ናቸው። ትናንት ምግብ ይዤ መጥቼ ለምን እንደማይለቀቁ ስጠይቅ፣ ኤግዚቢት ያለ ተጠርጣሪ፣ ተጠርጣሪም ያለ ኤግዚቢት እንደማይቀመጥ፣ የንብረቱ ባለቤት ቀርቦ ንብረቴ አልጠፋም ብሎ ካልተረከበ በስተቀር ሁለቱም እንደሚቆዩ ሳጅኑ ነግረውኛል። ከማክሰኞ ጀምሮ ሳጅኑ የሚጽፉት ኮሪደር ላይ ነው። ዛሬ ወደ ቢሯቸው የገቡት እኔ አብሬ ስለገባሁ ነው። ይህ እንዳይጻፍ ፈልገው ነበር፤ ያልኩት ሁሉ ይጻፍ ስላልኩ ጽፈውታል። ይህን ቃል ስሰጥ ሰዓቱ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነው። መርፌው እየዞረ ነው። ማክሰኞ በር ላይ የተነሣው ነው፤ እስካሁን አልቆመም።

ንብረቱ ጠፍቷል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፦ አልጠፋም። ለዚህም የሞዴል 19 ጥራዝ በቦርሳዬ ይዤ መጥቻለሁ። አቶ ጌትነት የጠየቁት በሕይወት ያለ አስረካቢ ነው። ሰዓቱ ዛሬ በፖሊስ እጅ ስለሆነ አስረካቢው ሳጅን ዘሪሁን ናቸው። በሕይወት መኖራቸውን አይቻለሁ። ተረካቢ እኔ ነኝ። ይህን ትናንት ማታ አቶ ጌትነትን በስልክ ጠይቄ፣ መመሪያው ፖሊስን እንደማይከለክል አምነውልኛል። ወ/ሮ ሸዋዬን ሌባ ያሰኛቸው የፖሊስ መዝገብ ባለቤታቸውን ነፃ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው የሚሆነው፤ ምስጋና ይድረሰው።

ነገር ግን አቶ ጌትነት አንድ ነገር ጨምረዋል። ዕቃ ገቢ ሲሆን በአንድ ሰው ስም የንብረት ካርድ ላይ መቀመጥ አለበት። ላቦራቶሪው ኃላፊ የለውም። ዶ/ር ኖህ ተጠይቀው የምርምር ሥራ ስለበዛባቸው በስማቸው እንዳይመዘገብ አሳስበዋል። ማክሰኞ የሆነውን ሰምተዋል። ታዲያ በማን ስም ላድርገው ተብዬ በስልኩ ስጠየቅ፣ በአባቴ ጀናዛ ላይ የቆመው አጎቴ ትዝ አለኝ። በመምህር ቀብር ላይ ያ ሁሉ ሹም በጥቁር ልብስ ቆሞ ሳለ አንድም ሰው ይህን ቃል አላላቸውም። እነሱ ዘንድ ስለማይባል እኔም አላልኩም።

ስለዚህ አሁን እላለሁ። መምህር ገብረ መድህን ላይ ያለው አማና በእኔ ላይ ይሁን። ሰዓቱ በእኔ ስም ይመዝገብ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል ወይ ተብዬ በሳጅኑ ተጠይቄ፣ ይገባኛል ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ብታመም፣ ብዛወር፣ ብሞት ሰዓቱ የሚፈልገው እኔን ነው። መብራት ሲጠፋ ማንን እንደሚጠራ አውቃለሁ። በዚህም ምክንያት ልጄ ኦብሴ የእኔ ጀናዛ ከመነሣቱ በፊት ቆማ፣ ሰዓቱ ወደ እኔ ይምጣ እንድትል ከአሁኑ ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ያኔ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሠራተኛ ካልሆንኩስ ብላኛለች። እሱን ያኔ ለሕግ ክፍል ይጽፋሉ።

ተጠርጣሪዋ አልሰረቁም። የሰው አደራ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ የቆሙትም ብቻቸውን አልነበረም። እንዲለቀቁልኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና በእጄ የነካሁት ነው፤ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ አልጨመርኩም፣ የፈራሁትንም አላስቀረሁም። በአላህ ምዬ የሰጠሁት ቃል ነው። ተነብቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዙቤዳ ሁሴኖ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ዘሪሁን ዲሪባ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቃላቸውን ከፈረሙ በኋላ ሞዴል 19 ቀርቦ እኔ በአስረካቢነት ፈረምኩ። ምስክሯ በተረካቢነት በመፈረም ላይ ሳሉ የጣቢያው መብራት ጠፋ፤ የኤግዚቢቱም መርፌ ቆመ። ቀጥሎም በጠረጴዛው አካባቢ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ «ደረሰች» ሲል ተሰምቷል። ይህን ቃል እኔ አልተናገርኩም። ምስክሯም አልተናገሩም። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ የተናጋሪው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ተትቷል። ተጠርጣሪዋ በዚያን ጊዜ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠባበቁ ነበር፤ በሩ ዝግ ስለነበር ሰዓቱን ማየት አይችሉም ነበር። ሆኖም ከውጭ ሆነው «እሺ ገብሬ፤ በል እንግዲህ ሂድ» ብለው ሲመልሱ ሁለታችንም ሰምተናል።

ተጠርጣሪዋ በዚሁ ዕለት ተለቅቀዋል። ጋቢው ተመልሶላቸዋል።